አይብ፣ ቺዝ እና ክብደት መቀነስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክብደት ለመቀነስ የቆረጠ ሰው ከማዕዱ መጀመሪያ የሚያባርረው ስኳርን ነው፤ ቀጥሎ ዳቦን፤ ብዙም ሳይቆይ የቺዝ ተራ ይደርሳል። በሌላ በኩል «አይብ እኮ ፕሮቲን ነው፣ ምን ያደርጋል» እያለ በሰፊ ሳህን የሚያቀርብ አለ። ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የትኛው አይብ፣ ስንት ግራም፣ ከምን ጋር ብለው አይጠይቁም። በቀን 1,500 ካሎሪ ወይም ሌላ ልክ ወስኖ ለሚመገብ ሰው ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

«ቺዝ ያወፍራል፤ እስክቀንስ ድረስ በአፌ አይዞርም»

ለብቻው የሚያወፍር ምግብ የለም። ሰው የሚወፍረው ከሚያወጣው ኃይል በላይ አዘውትሮ ሲበላ ነው፤ ትርፉ ከቺዝም ይምጣ ከዳቦ ያው ይከማቻል። ቺዝን ለክስ ያበቃው በትንሽ ቦታ ብዙ ኃይል መያዙ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲኖረው አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ብቻ አለው። እንደ ቼዳር ያለ ጠንካራ ቺዝ ከክብደቱ ሲሶው ቅባት በመሆኑ 100 ግራሙ 400 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። 30 ግራም ሲሆን ግን 120 ካሎሪ ነው፤ ከአንድ እንቁላል የማያንስ፣ 7 ግራም ገደማ ፕሮቲንም ይዞ ይመጣል። ከ1,500 ካሎሪ ውስጥ 120 ማለት 8 በመቶ ነው። ለዚህ ሲባል የሚወዱትን ለወራት መተው፣ ከዚያም አንድ ቀን ተሸንፎ ፒዛ ላይ መውደቅ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

«30 ግራም በዓይን ይታወቃል»

አይታወቅም። 30 ግራም ጠንካራ ቺዝ የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ይህን ሲነግሩት «ይህችን ብቻ?» የማይል ቺዝ ወዳጅ ማግኘት ይከብዳል። ለሳንድዊች እየቆረጡ ቆመው የሚጎርሷት ቁራጭ ደግሞ በማንም ሒሳብ ውስጥ አትገባም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመች ግን የቀኑን ድርሻ ብቻዋን ጨርሳዋለች።

መፍትሔው የኩሽና ሚዛን ነው። ቺዙን እንዳለ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡ፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፣ ከዚያ ቆርጠው ያንሱ። ሚዛኑ ከዜሮ በታች 30 ሲያሳይ እጅዎ ላይ ያለው 30 ግራም ነው። የቀረውን ጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከመለሱ በኋላ መብላት ይጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ቁራጭ የሚቆረጠው ቺዙና ቢላዋው ፊት ለፊት ሲቀመጡ ነው።

መፈቅፈቅም ይረዳል። ያው 30 ግራም ሲፈቀፈቅ ሩብ ኩባያ ያህል ይሞላል፣ ሰላጣውንም ሆነ እንቁላሉን ሸፍኖ ይታያል። ሆኖም የተፈቀፈቀውን በኩባያ ለክቶ መተማመን አይገባም፤ በእጅ ጫን ያሉት ጊዜ መጠኑ ሳይታወቅ ይጨምራል።

«የእኛ አይብ ቅባት የለውም፤ እንደ ልብ ይበላል»

ይህ አመለካከት ግማሹ እውነት ስለሆነ ለማስተካከል ከሁሉም ያስቸግራል። ባህላዊው አይብ የሚሠራው ከአሬራ ነው። ወተቱ ረግቶ እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ተንጦ ቅቤው ይወጣል፣ የቀረው አሬራ በለዘብተኛ እሳት ሞቆ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። አብዛኛውን ቅባት አስቀድሞ ቅቤው ስለወሰደው አይቡ ሦስት አራተኛው ውሃ፣ 14 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ሆኖ ይቀራል። ቅባቱ እንደ አናናጡ ይለያያል፦ በደንብ ከተናጠ 2 በመቶ አካባቢ፣ ካልሆነ እስከ 7 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ስሌት 100 ግራሙ ከ80 እስከ 130 ካሎሪ ቢኖረው ነው፤ የቼዳርን ሲሶ እንኳን አይሞላም። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ከዚህ የተሻለ ወዳጅ በቀላሉ አይገኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አይቡ ማዕድ ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ይፈስበታል፣ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል፣ በቅቤ ከራሰ ክትፎ ጎን ይቀመጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። 150 ግራም አይብ ላይ ሁለት ማንኪያ ያፈሰሰ ሰው፣ ናጩ ደክሞ ያወጣውን ቅባት በእጁ መልሶታል፤ የሳህኑም ካሎሪ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሚጥሚጣ፣ ጤና አዳም፣ ትንሽ ጨው ለአይብ በቂ ማጣፈጫዎች ናቸው። ያለ ቅቤ አይሆንልኝም ለሚል ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፤ 40 ካሎሪ ገደማ ጨምሮ ሽታውን ሙሉ በሙሉ ይሰጣል።

በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ሌላም ወጥመድ አለ። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት አሬራ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከሱቅ የተገዛ ሙሉ ወተት አሙቆ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው። ጣዕሙ ይቀራረባል፤ ይዘቱ ግን ሌላ ነው። በአንድ ሊትር ሙሉ ወተት ውስጥ 33 ግራም ገደማ ቅባት አለ፤ ቅቤው አልወጣምና አብዛኛው እዚያው አይቡ ውስጥ ይቀራል። ከቅባቱ ብቻ 300 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው፤ የሚወጣው አይብ ደግሞ 200 ግራም ላይሞላ ይችላል። አንድ በመቶ ቅባት ያለውን ወተት ቢጠቀሙ ወደ አሬራው አይብ ይጠጋሉ። ኮተጅ ቺዝ የሚተኩ ሰዎች በካሎሪ ብዙም አይርቁም። ሪኮታ የሚተኩ ግን ልብ ይበሉ፤ ከሙሉ ወተት የተሠራው በ100 ግራም 170 ካሎሪ አካባቢ ነው።

«አይብ ሁሉ የካልሲየም ምንጭ ነው»

እንደ ቼዳርና ጎዳ ያሉ ጠንካራ ቺዞች በ100 ግራም 700 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አላቸው። በእርሾ አሲድ ወይም በሎሚ የሚረጉት እንደዚያ አይደሉም፤ አሲዱ ካልሲየሙን ፈትቶ ከአጓቱ ጋር ያስወጣዋል። ስለዚህ አይባችንን ለፕሮቲኑ እንብላው፤ ለካልሲየም ወተት፣ እርጎ እና ጎመን አሉ። አይብ በጎመን እንዲህ ሲታይ ያለ ምክንያት የተጣመረ ምግብ አይደለም።

«ማሸጊያው ላይ 45 በመቶ ቅባት ይላል፤ ግማሹ ቅቤ ነው»

ይህን የሚሉት በብዛት ጀርመንና አካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። በዚያ ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው መቶኛ ብዙ ጊዜ ውሃው ሳይቆጠር፣ ከደረቁ ክፍል ብቻ የተሰላ ነው። 45 በመቶ የተባለ ጎዳ ውሃው ሲታከልበት ትክክለኛ ቅባቱ ሩብ ያህል ነው። ውሃ የበዛበት ለስላሳ አይብ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ 40 በመቶ ተብሎ የተጻፈበት ለጋ አይብ 11 ወይም 12 በመቶ ቅባት ቢኖረው ነው። በእስራኤል ግን ነጩ አይብ ላይ 5 በመቶ ከተባለ ከጠቅላላው ክብደት 5 በመቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የሚጻፈው ለአንድ ድርሻ፣ ለ28 ግራም ነው፤ ማሸጊያው ውስጥ ስምንት ድርሻ ሊኖር ይችላል። ከአንዱ ሀገር ወደ ሌላው የሄደ ሰው ማሸጊያውን ዘወር አድርጎ በ100 ግራም የተሰጠውን ሠንጠረዥ ቢያይ፣ እሱ ከሌለ ከግራሙ ቢያሰላ ነው የሚሻለው።

«ቅባቱ የተቀነሰለት ሁልጊዜ ይሻላል»

«የተቀነሰ» ለማለት ከመደበኛው በአሜሪካ ቢያንስ 25 በመቶ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ቢያንስ 30 በመቶ ያነሰ ቅባት ሊኖረው ይገባል። በ30 ግራም ሲሰላ ትርፉ ከ30 እስከ 40 ካሎሪ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን «ቀላል ነው» ብሎ እጥፍ የሚበላ ሰው ከስሯል። እኔ ብመርጥ ትንሽ ግን ኃይለኛ ጣዕም ያለውን እመርጣለሁ። 10 ግራም ፓርሜዛን ተፈቅፍቆ ፓስታ ላይ ሲበተን 40 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሽታው ሳህኑን ሁሉ ያዳርሳል። ጣዕም የሌለው ሞዛሬላ ግን ማቆሚያ የለውም።

«ማታ ቺዝ በልቼ ጠዋት አንድ ኪሎ ጨመርኩ»

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ይህን በቼዳር ለመጨመር ከዕለቱ ፍላጎት በላይ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ መብላት ያስፈልጋል፤ ማንም አያደርገውም። ሚዛኑ ላይ የታየው በአብዛኛው ውሃ ነው። ቺዝ ጨዋማ ነው፤ ጨው ደግሞ ውሃ ይይዛል። ፌታና በተለይ በባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚወደደው ሃሉሚ ከጨዋማዎቹ ናቸው፤ ከ50 ግራም ሃሉሚ ብቻ ከአንድ ግራም በላይ ጨው ሊገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች መሆኑን ያስቡ። ፌታን ለጥቂት ጊዜ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጨውን ይቀንሳል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ከካሎሪው ይልቅ ይህንኛውን ቢከታተል ይጠቅመዋል።

«ማታ» የሚለውም ጥፋት የለበትም። ከቀኑ ድርሻ ውስጥ እስከተቆጠረ ድረስ ሰዓቱ የቺዙን ካሎሪ አይለውጠውም።

«ቺዝ እንደ ዕፅ ሱስ ያስይዛል»

ይህ ወሬ የተስፋፋው በ2015 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ከወጣ በኋላ ነው። ጥናቱ ሰዎች ራሳቸውን መግታት የሚያቅታቸው የትኞቹ ምግቦች ላይ እንደሆነ የጠየቀ ሲሆን ከፊት የወጣው ፒዛ ነበር። ጋዜጦች ፒዛውን ወደ ቺዝ፣ ቺዙን ወደ ዕፅ ለወጡት። ጥናቱ በቺዝ ውስጥ አለ የተባለውን ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር ጨርሶ አልለካም።

«ጾም ያከሳል፤ ፍስክ ሲገባ አይብ ይመልሰዋል»

በሁዳዴ 55 ቀን አይብም ሆነ ቺዝ የለም፤ ይሁንና ከጾሙ ወፍሮ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ልክ እንደ 30 ግራም ቼዳር፤ ፕሮቲን ግን የለውም። በዘይት የሚዋኝ ሽሮ፣ ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንች ቺዝ ያላመጣውን ያመጣሉ። በፋሲካ ማግስት ሚዛኑ ሲጨምርም አይቡ ብቻውን ባይወቀስ ጥሩ ነው፤ ቅቤው፣ ዶሮ ወጡ፣ ጠጁ ሁሉም አብረው ነበሩ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ድርሻውን በሳምንት ቢያሰላ ይቀለዋል፤ ለቀሪዎቹ አምስት ቀናት በቀን 30 ግራም በሳምንት 600 ካሎሪ ነው።

የጾም ቺዝ እየተባለ የሚሸጠው ምትክም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። ከኮኮናት ዘይትና ከስታርች የሚሠራው 100 ግራሙ 300 ካሎሪ አካባቢ ሆኖ፣ ፕሮቲኑ ከአንድ ግራም የማይበልጥ ብዙ አለ። በጾም ቀን ፕሮቲን የሚፈልግ ሰው ምስርና ሽሮ ይሻለዋል፤ የዘይቱን ማንኪያ እየቆጠረ።