ትልቅ የጉበት ቀዶ ሕክምና ውጤቱ በምን ይለካል?

ለዱለት ጉበት ሲከትፍ የኖረ ሰው የቀዶ ሐኪሙን ጭንቀት ግማሹን ያውቀዋል፤ ልል ነው፣ ደም ያዘለ ነው፣ ስፌት ሲጠብቅበት ይተረተራል። ቀሪው ግማሽ የሚታየው በሕይወት ባለ ሰው ላይ ብቻ ነው። በጉበት ውስጥ በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም ያልፋል። ሐሞት የሚያወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎችም ከደም ሥሮቹ ጋር ተጣምረው ስለሚሄዱ አንዱን ቆርጦ ሌላውን መተው አይቻልም። ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ ደግሞ ከዚያው ሌሊት ጀምሮ የሙሉ ጉበት ሥራ ይጠበቅበታል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ኩይኖ በ1957 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ጉበትን በደም ሥሮቹ አከፋፈል መሠረት በ8 ሴግመንት (ክፍል) ከፈለው። ከእነዚህ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከወጡ ቀዶ ሕክምናው «ትልቅ» ይባላል። የተለመደው የቀኝ ግማሽ ጉበት ቀዶ ሕክምና ከ5 እስከ 8 ያሉትን ያወጣል፤ ይህም ከጠቅላላው ጉበት ወደ ሁለት ሦስተኛው ይጠጋል። እንግዲህ አንድ ሆስፒታል «ከተሠሩልን መቶ ታካሚዎች አምስቱ ሞቱ» ቢል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? የተሠሩት እነማን ናቸው፣ እስከ ስንተኛው ቀን ተቆጠረ፣ ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚሉት ሦስቱ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

ችግርን በደረጃ መመደብ

ድሮ እያንዳንዱ ሐኪም «ቀላል» እና «ከባድ» የሚለውን በራሱ ሚዛን ይጽፍ ነበር። ዲንዶና ክላቪየን የተባሉ ሐኪሞች በ2004 ያወጡት አመዳደብ ይህን ለውጦታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ችግሩ ምን ያህል ያስፈራል ሳይሆን ለማከም ምን አስፈለገ ተብሎ ይጠየቃል። የተለየ መድኃኒትም ሆነ ጣልቃ ገብነት ያላስፈለገው ደረጃ 1 ነው፤ የህመም ማስታገሻ፣ የትኩሳት መድኃኒት፣ አልጋ ላይ ተከፍቶ የሚጸዳ የቁስል ኢንፌክሽንም እዚሁ ይገባሉ። አንቲባዮቲክ ወይም ደም መስጠት ካስፈለገ 2 ይሆናል። ፈሳሽ በመርፌ መቅዳት፣ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ የሚደረግ ሕክምና) ወይም ዳግም ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ 3 ነው፤ ያለ ሙሉ ሰመመን ከሆነ 3ሀ፣ በሙሉ ሰመመን ከሆነ 3ለ። ለሕይወት አስጊ ሆኖ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስገባው 4 ነው፤ አንድ የአካል ክፍል ብቻ ከደከመ (ለምሳሌ ኩላሊት ደክሞ እጥበት ካስፈለገ) 4ሀ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ 4ለ። ሞት 5 ነው።

ጉድለቱ የታየው ቆየት ብሎ ነው። ሪፖርቶች የሚጽፉት የታካሚውን ከፍተኛ ደረጃ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ችግር የተደራረበበት ሰው አንድ ችግር ብቻ ከደረሰበት ጋር እኩል ይቆጠራል። በ2013 ከዙሪክ የወጣው ሲሲአይ የተባለው መለኪያ ሁሉንም ደምሮ ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር ያስቀምጣል። ለየደረጃው ክብደት አለው፦ ለደረጃ 1 = 300፣ ለደረጃ 2 = 1750፣ ለ3ሀ = 2750፣ ለ3ለ = 4550፣ ለ4ሀ = 7200፣ ለ4ለ = 8550። በታካሚው ላይ የደረሱት ሁሉ ይደመራሉ፣ የድምሩ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል፣ ለሁለት ይካፈላል። ሞት በቀጥታ 100 ነው።

በተግባር እንየው። አንድ ታካሚ በሁለተኛው ቀን ደም ተሰጠው (1750)። በስድስተኛው ቀን ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመው ሐሞት በአልትራሳውንድ ተመርቶ በሚገባ ቱቦ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ተቀዳለት (2750)። ቁስሉም አልጋው ላይ ተከፍቶ ታጠበ (300)። ድምሩ 4800፣ ሲሲአይው 34.6 ነው። ጎኑ የተኛው ሰው ደግሞ ደም ስለፈሰሰው በሙሉ ሰመመን ዳግም ተከፈተ እንጂ ሌላ ምንም አልደረሰበትም፤ የእሱ 33.7 ነው። በከፍተኛ ደረጃ ብቻ ቢለካ ሁለተኛው (3ለ) ከመጀመሪያው (3ሀ) የባሰ ነው ይባል ነበር።

የጉበት የራሱ ችግሮች

አጠቃላዩ ደረጃ ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና ያገለግላል። ጉበት ግን የራሱ ሦስት ጠላቶች አሉት፤ እነዚህም በ2011 ዓለም አቀፍ የጉበት ቀዶ ሕክምና አጥኚዎች ቡድን ትርጉም ወጥቶላቸዋል።

የሐሞት መፍሰስ የሚባለው በሦስተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ በድሬይን (ፈሳሽ እንዲወጣበት ሆድ ውስጥ በሚተው ቱቦ) የሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን (ሐሞትን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም) በደም ካለው ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የደም መፍሰስ የሚባለው ደግሞ ሄሞግሎቢን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከነበረበት ከ3 ግራም በዴሲሊትር በላይ ሲወርድ፣ ወይም ስለወረደ ደም መስጠት ግድ ሲሆን ነው።

ሦስተኛውና አስፈሪው የጉበት መድከም ነው። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ቢሊሩቢንና አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው ቁጥር) አብረው ከፍ ካሉ ተመዝግቧል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ2005 ከፈረንሳይ የወጣው «50-50» የሚባለው መለኪያ ለአልጋ ዳር ሐኪም አሁንም ይመቻል፦ በአምስተኛው ቀን ፕሮትሮምቢን (ጉበት የሚሠራው፣ ደም የሚያረጋ ፕሮቲን) ከ50 ከመቶ በታች፣ ቢሊሩቢን ከ50 ማይክሮሞል በሊትር በላይ (3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ) ከሆነ የመሞት ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ለምን አምስተኛው ቀን? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንኛውም የተቆረጠ ጉበት ይንገዳገዳል፤ ቢሊሩቢን ወጣ ብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። በአምስተኛው ቀን ያልተመለሰ ግን መመለሱ ያጠራጥራል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ እኛ የወፍ በሽታ የምንለው፣ ቤተሰብ ራሱ ያየዋል፤ የአይኤንአር መውጣት ግን በላቦራቶሪ ካልሆነ አይታይም።

መድከሙ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ነው። በሲቲ ስካን የሚቀረው ጉበት መጠን ይሰላል፦ ለጤነኛ ጉበት ቢያንስ 20 ከመቶ፣ ብዙ ኬሞቴራፒ ለወሰደ 30፣ ሲሮሲስ (ጠባሳ የያዘ ጉበት) ላለበት 40 መቅረት አለበት። ሄፓታይተስ ቢ በሰፊው በሚገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር የመጨረሻው ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የሚቀረው ካነሰ፣ ወደሚወጣው ወገን የሚሄደው የፖርታል ደም ሥር (ከአንጀት ደም ወደ ጉበት የሚያመጣው) ተዘግቶ ሌላው እስኪያድግ የተወሰኑ ሳምንታት ይጠበቃል።

ከጤነኛ ለጋሾች የተገኘው ወሰን

«ሊደረስበት የሚችል ምርጥ ውጤት» የሚባለው ከየት ይመጣል? ካንሰር ያለበት፣ ኬሞቴራፒ የወሰደ፣ ስኳር ያለበት ታካሚ ለዚህ አይሆንም፤ ውጤቱን በሽታው ያበላሸዋል። በ2016 ከ12 ማዕከላት የቀረበው ጥናት መልስ ያገኘው ከሌላ ቦታ ነው፦ ለዘመዳቸው ግማሽ ጉበታቸውን ከሰጡ 5202 ጤነኛ ለጋሾች። ማንም ሐኪም ጤነኛ ለጋሽ እንዲሞትበት አይፈልግም፤ ጥንቃቄው ከዚህ በላይ አይሄድም። አማካይ ዕድሜያቸው 34 ዓመት ነበር፣ ቀዶ ሕክምናው 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ደም ያስፈለጋቸው 2 ከመቶ ብቻ ናቸው። ቢያንስ አንድ ችግር የገጠማቸው 12 ከመቶ፣ ከባድ (3 እና ከዚያ በላይ) የገጠማቸው 3.8 ከመቶ ሲሆኑ አንድ ሰው ሞቷል። ከባዱ ችግር የቀኝ ጉበት በሰጡት ላይ እጥፍ ነበር።

የወጣው ወሰን በሦስት ወር ውስጥ ማንኛውም ችግር እስከ 31 ከመቶ፣ ከባድ ችግር እስከ 9 ከመቶ፣ ችግር በገጠማቸው ላይ ሲሲአይ እስከ 33 ነው። አንባቢ እዚህ ጋ ይደናገራል፤ አጠቃላዩ 12 ከሆነ ወሰኑ እንዴት 31 ይሆናል? ምክንያቱም ወሰኑ የታካሚዎች አማካይ አይደለም። የየማዕከሉ ውጤት ለብቻው ይወጣና ማዕከላቱ ከምርጡ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ ሦስት አራተኛው ማዕከል የደረሰበት (75ኛ ፐርሰንታይል) ወሰን ይሆናል። በድምሩ ላይ የሚገኑት ደግሞ ብዙ የሚሠሩት ናቸው፦ 100 እና ከዚያ በላይ የሠሩት ማዕከላት ችግር 10.2 ከመቶ ሲሆን ያነሰ የሠሩት 35.9 ከመቶ ነበር። ከፍ ማለቱ ጥሩ በሆነበት መለኪያ ወሰኑ ከታች በኩል ይወሰዳል።

የለጋሽ ወሰን ለሁሉም አይሠራም። የጉበት በር ላይ የሚገኘውን የሐሞት ቱቦ ካንሰር የሚያወጣ ቡድን በ9 ከመቶ ቢለካ ሁልጊዜ ወዳቂ ነው። በ2021 ለዚህ በሽታ ብቻ የተለየ ወሰን ወጣ፤ ከ24 ማዕከላት 1829 ታካሚዎች ውስጥ ዝቅተኛ ስጋት ያላቸው 708 ተለይተው ነው። በእነሱ ላይ እንኳ የጉበት መድከም እስከ 35 ከመቶ፣ የሦስት ወር ሞት እስከ 13 ከመቶ፣ ካንሰሩ በማይክሮስኮፕ ጭምር ተጠርጎ የወጣበት ድርሻ ቢያንስ 57 ከመቶ ነው።

ቁጥሩ የሚሳሳትበት ቦታ

የመጀመሪያው ስህተት የቀን ነው። ብዙ መዝገብ በ30ኛው ቀን ይዘጋል። ጉበት የደከመበት ሰው ግን በአንዴ አይሞትም፤ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ ኩላሊቱ ይከተላል፣ በ40ኛው ወይም በ60ኛው ቀን ያልፋል። ስለዚህ ለጉበት 90 ቀን ነው የሚቆጠረው። ከክፍለ ሀገር መጥቶ የተሠራ ታካሚ በ90ኛው ቀን የት እንዳለ ለማወቅ ካርዱ ላይ የራሱን ብቻ ሳይሆን የአንድ የቤተሰብና የአንድ ጎረቤት ስልክ መጻፍ ያስፈልጋል። ያልተገኘውን «ደኅና ነው» ብሎ መቁጠር አይገባም፤ «አልተገኘም» ተብሎ በሪፖርቱ ይገለጻል።

ሁለተኛው ስውር ነው። በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ድሬይን ትቶ የሚወጣ ሐኪም ሐሞት ቢፈስ በዚያው ቱቦ ይወጣል፤ ደረጃ 1። ድሬይን የማይተው ሐኪም ያው ፍሳሽ ቢገጥመው በመርፌ ማስቀዳት አለበት፤ ደረጃ 3ሀ። አንድ ዓይነት ፍሳሽ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሰጠ። ሁሉንም ታካሚ በልማድ አንድ ሌሊት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያሳድር ሆስፒታልም ያንን ደረጃ 4 ብሎ ከጻፈ ራሱን በከንቱ ይከሳል፤ ታቅዶ የተደረገ ክትትል እንደ ችግር አይመዘገብም።

ቀዶ ሕክምናውን ራሱ የሠራው ሐኪም ውጤቱንም ከመዘገበ ትናንሾቹ ችግሮች ይጠፋሉ። ክፋት አይደለም፤ የተከፈተ ቁስል ለእሱ ዜና አይደለምና። ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው፣ ነርስም ቢሆን፣ የመድኃኒትና የደም መዝገቡን በየቀኑ እያየ ቢሞላው ይሻላል።

ሌላው የቁጥር ማነስ ነው። 30 ሰው ሠርቶ ማንም ያልሞተበት ቡድን «ሞታችን ዜሮ ነው» ሊል ይወዳል። ማንም ባልሞተበት ጊዜ 3ን ለታካሚዎቹ ብዛት፣ እዚህ ለ30፣ ማካፈል ብቻ ይበቃል፦ እውነተኛው ሞት እስከ 10 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። በዓመት 20 በሚሠራበት ቦታ አንድ ሞት 5 ከመቶ፣ ሁለት ሞት 10 ከመቶ ነው፤ በዓመቱ ውጤት መደሰትም መደናገጥም ዋጋ የለውም፣ የሦስት አራት ዓመት ድምር ይታያል።

የችግሩ ብዛትና የሞቱ ብዛት አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። በ2009 በአሜሪካ ሆስፒታሎች ላይ በአጠቃላይና በደም ሥር ቀዶ ሕክምና የተደረገ ጥናት ሞት ዝቅተኛና ከፍተኛ የሆነባቸውን ሆስፒታሎች ሲያወዳድር ችግር የገጠማቸው ታካሚዎች 24.6 እና 26.9 ከመቶ፣ ማለትም ሊነጻጸሩ የሚችሉ ነበሩ። ከባድ ችግር ገጥሟቸው የሞቱት ግን 12.5 እና 21.4 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ለጉበት ይህ ማለት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የታካሚው የልብ ምት 120 ሲገባ ማን ተጠራ፣ ሲቲ ስካኑ እስከ ጠዋት ጠበቀ ወይስ አልጠበቀም፣ ደም ባንኩ ውስጥ የእሱ ዓይነት ደም ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። የደወሉና የመልሱ ሰዓት ካልተጻፈ መልሱ ከሲሲአይ ሠንጠረዥ አይወጣም።