ስለ ጎጃም አርበኞች ተሳስተን የምናወራው
ሚያዝያ 27 ሲደርስ ደብረ ማርቆስ ላይ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻ ያነገቡ አባቶች ሲፎክሩ ነፍስ ይርዳል። ግን ከፉከራው ጋር ተደባልቀው የሚወሩ፣ እውነት ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

«አርበኛ ማለት ወታደር ነው።» ብዙዎቹ አልነበሩም። በ1928 ከማይጨው በኋላ መደበኛው ጦር ተበትኗል። ጎጃም ውስጥ ዱር ቤቴ ያለው አብዛኛው አራሽ ነው። ደሞዝ የለ፣ ቀለብ የለ። ስንቁ በስልቻ የያዘው በሶ ነው። ጠመንጃው የአባቱ ውጅግራ፣ ካልሆነም ከጠላት የማረከው። ጥይት በፍሬ ትቆጠራለች።

«ጀግና አያፈገፍግም።» ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። የጎጃም አርበኛ የደፈጣ ተዋጊ ነው። መትቶ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። ጓዶቹ ቁስለኛ ተሸክመው ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ግን አንድ ሰው መቅረት አለበት። አፋፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ የቀረችውን ጥይት እየቆጠበ ጠላትን የሚያቆይ። እንደማይመለስ ያውቃል። ከጎኑ የነበረ ሰው ስለሌለ እንዴት እንደሞተ እንኳ የሚናገርለት የለም።

«ጎጃም አልተያዘም።» ተይዟል። ደብረ ማርቆስም፣ ቡሬም፣ ዳንግላም የጣሊያን ምሽግ ነበረባቸው። ከምሽጉ ራቅ ሲባል ግን፣ በተለይ ከ1930 ወዲህ፣ አገሩ የአርበኛው ነው።

«ሴቶች ስንቅ ብቻ ነው ያቀበሉት።» «ብቻ» ባይባል ደስ ይለኛል። ለአርበኛ እህል ሰጠ የተባለ መንደር ይቃጠል ነበር። በሶውን የምትፈጨው እናት ይህን እያወቀች ነው የምትፈጨው።

«እንግሊዝ ነው ነጻ ያወጣን።» የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት የጌዴዎን ጦር እርዳታ ትልቅ ነበር። ግን የካቲት 27 ቀን 1933 ደምበጫ አካባቢ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር ፊት ለፊት የገጠመው፣ ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያን የነበሩበት ሻለቃ ነው። ጃንሆይም መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ሲገቡ አርበኛው ዱር ከገባ አምስት ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረው።

«በላይ ዘለቀን ጣሊያን ሰቀለው።» ጣሊያንማ በላይን፣ አባ ኮስትርን፣ መች ያዘውና! የተሰቀለው አዲስ አበባ ላይ፣ ጥር 4 ቀን 1937 ነው። ጠላት ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። የፈረደበት የራሱ አገር መንግሥት ነው፣ ሸፍተሃል ተብሎ። ልጅ ሆኜ ነው ይህን የሰማሁት። እስከ ዛሬ አልዋጥልኝ አለ።