ቴርሞስታት ምንድን ነው? በሙቀት አገርስ ምን ይሠራል?

ሞቃት አገር ውስጥ አሮጌ ናፍጣ መኪና ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው አንድ ምክር ሳይሰማ አይወጣም፦ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፤ በዚህ ሙቀት ምን ይሠራልሃል?» ምክሩ የቅንነት ነው። ለጆሮም ይጥማል። ዕቃው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ መንገድ ይዘጋል፣ ከወጣ መንገዱ ይከፈታል፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። ብዙ አሮጌ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን ውጤቱ ግልባጩ ነው።

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የተቀመጠ፣ በሙቀት ብቻ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። በአሮጌ መኪኖች ላይ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አይነካውም። መሀሉ ላይ ባለችው ትንሽ የብረት ዋንጫ ውስጥ ሰም ታሽጓል። ሰሙ ሲቀልጥ ያብጣል፣ ሲያብጥ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉም የስፕሪንጉን ጉልበት አሸንፎ በሩን ይከፍታል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋዋል። ይህን ዘዴ ሰርጂየስ ቬርኔት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካመጣው ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። የሚከፈትበት ሙቀት ራሱ ላይ ተጽፏል፤ 80፣ 82 ወይም 88 የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ቁጥሩ መከፈት የሚጀምርበትን ነው የሚናገረው። አፉን ሙሉ ለሙሉ እስኪከፍት ሌላ 10 ወይም 15 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል።

ታዲያ ውጭው 40 ዲግሪ በሆነበት አገር ሞተር ለምን ይሙቅ? 40 ዲግሪ እኛን ነው የሚያቃጥለው፤ ለሞተር ገና ብርድ ነው። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ በሚያመጣው ሙቀት ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ከቀዘቀዘ ያንን ሙቀት ይሻማዋል። ያልተቃጠለው ናፍጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ጥቀርሻ ይበዛል። በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝም ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል፤ ድኙ በደንብ ያልተጣራ ናፍጣ በሚሸጥበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዚያ ላይ ናፍጣ ሞተር ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ቆሞ ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ነው። ከልካይ በር ከሌለው በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ውሃው ዝም ብሎ አይቆምም። ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ቱቦ ወደ ውሃ ፓምፑ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ብዙ አሮጌ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሁለት ሳህን አለው። የላይኛው የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት የታችኛው አቋራጩን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው የመርሴዲስ ደብልዩ 123 ናፍጣ መኪና እንዲህ ዓይነት ነው። ዕቃውን አውጥታችሁ ስትጥሉ አቋራጩን የሚዘጋውን ሳህንም አብራችሁ ጣላችሁ ማለት ነው። ውሃ ደግሞ ቀላሉን መንገድ ይወዳል። ከፊሉ ፍል ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ እዚያው ይመላለሳል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ሞተሩ አልሞቅ ይላል፤ ቀትር ላይ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ይፈላል። ባለመኪናው ግራ ይገባዋል፣ ራዲያተር ይቀይራል፣ ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ ይቀራል።

ቴርሞስታት የሚወስነው ሞተሩ ከየት በታች እንዳይቀዘቅዝ ነው። ከየት በላይ እንዳይሞቅ የሚወስኑት ራዲያተሩ፣ ቬንትሌተሩና ውሃ ፓምፑ ናቸው። በ82 የሚከፈተውን በ71 በሚከፈት መቀየር ያልበቃ ራዲያተርን አያበቃውም፤ በሩ ትንሽ ቀድሞ ይከፈታል እንጂ አንዴ ሙሉ ለሙሉ ከተከፈተ ሁለቱም ያው ናቸው። ራዲያተር ሙቀት የሚያራግፈው በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውሃው 90፣ አየሩ 20 ከሆነ ልዩነቱ 70 ነው። አየሩ 45 ሲሆን ልዩነቱም 45 ይሆናል። ያው ራዲያተር፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ከአቅሙ ሲሶውን አጣ። ስለዚህ በሙቀት አገር መኪናው የሚያስቸግር ከሆነ ዓይናችሁን እዚያ ላይ ጣሉ፦ በራዲያተሩና በኤሲው መካከል የተጠቀጠቀ አቧራና ነፍሳት፣ ዝገት መከላከያ ሳይጨመርበት ለዓመታት በባዶ ውሃ ተነድቶ የዛገ ውስጥ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን። ክዳኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ይፈላል፤ 1 ባር የሚይዝ ክዳን ግን ወደ 120 ያደርሰዋል። (ሞተሩ ግሎ ሳለ አትክፈቱት። የማያውቅ ባይኖርም በየጊዜው የሚቃጠል አይጠፋም።)

ቴርሞስታቱ ራሱ ሲበላሽስ? ሰሙ ካፈሰሰ ስፕሪንጉ ብቻውን ስለሚቀር በሩ ተዘግቶ ይቀራል። የሙቀት ጌጁ ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የውሃ ጎማ (ቱቦ) ግን ቀዝቃዛ ነው። ቆሻሻ ገብቶበት ክፍት ከቀረ ሞተሩ አይሞቅም፤ ጎማውም ገና ከተነሳ ጀምሮ በቀስታ አብሮ ይሞቃል። ጤነኛ ሲሆን ጎማው በሩ እስኪከፈት ቀዝቅዞ ይቆይና በድንገት ይግላል።

አውጥቶ መፈተኑም ቀላል ነው። ድስት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ በክር አንጠልጥሉት፤ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ። ቴርሞሜትር ይዛችሁ አሙቁት። ከተጻፈው ቁጥር አንድ ሁለት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ላይ መከፈት መጀመር አለበት። ስትመልሱት ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዙር። ጠርዙ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ካለችው ከላይ ትሁን፣ አለዚያ አየር ይታፈናል። ጓርኒሲዮኑ (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው) አዲስ ይሁን። ስትገዙም ያለ ታችኛው ሳህን የተሠራ ርካሽ አምሳያ እንዳይሰጧችሁ ከአሮጌው ጋር አስተያዩት፤ እሱን መግጠም አውጥቶ ከመጣል ብዙም አይሻልም።

ቴርሞስታቱ መንገድ መሀል ተዘግቶ ከቀረባችሁ ግን ሌላ ነው። ቀዝቀዝ ሲል አውጡትና የፈሰሰውን ውሃ ሞልታችሁ፣ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ ዳገት ላይ ሳትጨክኑበት እስከ መጀመሪያው ጋራዥ ንዱ።