አራት መቶ መጠይቅ፦ በዓለም አቀፍ ንግድ ጥናት ዙሪያ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በመመረቂያ ሰሞን የሚባዛው መጠይቅ ለጉድ ነው። ከእነዚህ መጠይቆች ጋር አብረው የሚዞሩ አመለካከቶችም አሉ፤ በተለይ ዓለም አቀፍ ንግድንና ሥራ አመራርን በሚያጠኑ ተማሪዎች ዘንድ።

«የያማኔ ቀመር ያዘዘውን ቁጥር ከሞላሁ ናሙናዬ አስተማማኝ ነው።»
ይህ ቀመር ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት ማስያ ነው፦ የጥናቱ ሕዝብ፣ ማለትም ጥናቱ የሚመለከታቸው ሰዎች ብዛት፣ 10,000፣ የስህተት ህዳጉ 5 በመቶ ከሆነ 385 ይላል፤ ሕዝቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ደግሞ ከ400 አያልፍም። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሠራው ከተሟላ የስም ዝርዝር በዕጣ ለወጣ ናሙና ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባሉ ቢሮዎች እየዞሩ እሺ ላለ ሁሉ የታደለ መጠይቅ፣ 385 ቢሆንም ሺሕ ቢሆንም፣ ይህን አያሟላም።

«መጠይቁ በጥንቃቄ ከተተረጎመ ከሌላ አገር ውጤት ጋር ይነጻጸራል።»
ወደ አማርኛ የተተረጎመውን በሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ማስመለስ የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የአገሮችን ባህል በነጥብ ያነጻጸረው ሆላንዳዊው ተመራማሪ ኼርት ሆፍስቴድ የሥልጣን ርቀትን፣ ማለትም ሰዎች የሥልጣን አለመመጣጠንን ምን ያህል እንደሚቀበሉ፣ ከለካባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ሠራተኞች ከአለቃቸው ጋር አለመስማማታቸውን ለመግለጽ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈሩ የሚጠይቅ ነው። ይህንኑ በአማርኛ ለአንዲት አንጋፋ የሒሳብ ሠራተኛ ባቀርብላቸው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እኔ እሱን አልፈራውም፤ ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ» አሉኝ። ከአምስቱ የመልስ ሣጥኖች አንዱም ይሉኝታን ስለማይዝ «አልፎ አልፎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው መለሱልኝ። ትርጉሙ እንከን አልነበረበትም፤ መልሱ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር። ከመጠይቁ በፊት ጥቂት ሰዎችን ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት ማናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«የሆፍስቴድ ነጥብ የኢትዮጵያን ባህል ያሳያል።»
መረጃው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከኮምፒውተር ኩባንያው ከአይቢኤም ሠራተኞች የተሰበሰበ ሲሆን፣ የመጠይቆቹ ብዛት ከ116,000 በላይ ነበር። የኢትዮጵያ ምላሾች ግን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተደባልቀው «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ነጥብ ሆነው ቀርበዋል። ይህን ነጥብ ዛሬ ስታዲየም አካባቢ ለሚሠራ የባንክ ባለሙያ መለጠፍ ሌላ ጥፋት ነው፤ የአገር አማካይ የግለሰብ መለኪያ እንዳልሆነ ሆፍስቴድ ራሱም አስጠንቅቋል።

«ከጥቂት ድርጅቶች ንድፈ ሐሳብ አይወጣም።»
ድርጅቶች ወደ ውጭ ገበያ ደረጃ በደረጃ እንደሚገቡ የሚያስረዳው የኡፕሳላ ሞዴል ከተነሣባቸው ጥናቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው፣ የአራት የስዊድን ኩባንያዎችን ታሪክ ነው የመረመረው፦ የሳንድቪክን፣ የአትላስ ኮፕኮን፣ የፋሲትንና የቮልቮን። እዚህም ሦስት ቡና ላኪዎች ዘንድ ቀርቦ የመጀመሪያው ጭነት ለማን እንደተሸጠ፣ ገዢውን ማን እንዳገናኛቸውና ሁለተኛው አገር ለምን እንደተመረጠ ሰነድ እያገላበጡ መጠየቅ ይቻላል።