መንገደኛ ባየ ቁጥር የሚጮኽ ጎረምሳ ውሻ

ገና ዓመት ያልሞላው ውሻ በማሰሪያ ተይዞ ሲወጣ ባለፈ ባገደመው ሰው ላይ መጮኹ የውሻ ባለቤቶች በየአገሩ የሚያማርሩበት ጠባይ ነው። በአዲስ አበባ ግን ነገሩ የራሱ መልክ አለው። እዚህ ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው ለጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ የግቢው በር ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር ሲጮኽ «ጎበዝ!» ይባላል። ውሻን በማሰሪያ ይዞ በእግር መንሸራሸር ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። እናም ሌሊት የተመሰገነበት ጩኸት ጠዋት መንገድ ላይ ቁጣ ያመጣበታል። ግቢውና መንገዱ በምን እንደሚለያዩ ግን ያስተማረው የለም።

ብዙ ሰው ይህን ጩኸት የጀግንነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍርሃት ነው። ውሻውን በደንብ ላስተዋለ ሰው ምልክቱ አይሰወርም፦ ሁለት እርምጃ ወደፊት ይወረወርና ሦስት ወደኋላ ይላል፣ ጆሮው ወደኋላ ይለጠጣል፣ የሰውነቱ ክብደት በኋላ እግሮቹ ላይ ያርፋል። በቡዳፔስት የኤትቬሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የውሻ ጩኸት በቴፕ ብቻ ሰምተው ውሻው ብቻውን የቀረ፣ የሚጫወት ወይም እንግዳ የመጣበት መሆኑን በግምት ከሚጠበቀው በላይ መለየት ችለዋል። በእንግዳ ላይ የሚጮኸው ድምፁ ወፍራምና ሻካራ፣ አከታትሎም የሚለቀው ነው። መልእክቱም «ልበላህ ነው» ሳይሆን «አትቅረበኝ» ነው።

ጠባዩ ሥር የሚሰደው ጩኸቱ ስለሚሠራለት ነው። ቆራሊዮ እየጠራ በበሩ የሚያልፈውን ልጅ እንውሰድ። ጆንያውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ልጁም መንገዱ ነውና ያልፋል። ልጁ የሄደው በራሱ ጉዳይ ነው፤ ውሻው ግን «አባረርኩት» ብሎ ይመዘግባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ዓመት ሳይሞላው ብዙ ድል ያስመዘገበ ዘበኛ ይሆናል። ውሻውን ማስተው ማለት እንግዲህ ይህን የድል መዝገብ በሌላ መተካት ነው እንጂ አፉን መዝጋት አይደለም።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ለሚለው፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ በቡችላነት ዘመን ይገኛል። ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና ቦታን ያለ ብዙ ፍርሃት የሚላመድበት ጊዜ በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያለው ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ጥናት፣ ከሰው ጋር ሳይገናኙ ታጥረው ያደጉ ቡችሎችን በተለያየ ዕድሜ ከሰው ጋር አገናኝቶ ነበር። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ያልቀረባቸው ከዚያ ወዲያ ሰውን እንደፈሩ ቀሩ። የከተማችን ቡችላ ደግሞ በዚያ ወርቃማ ጊዜ የሚያየው የአጥሩን ቆርቆሮ ነው። የውጩን ዓለም የሚያውቀው በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት በሚያልፉ እግሮች ነው። በሰባት ወሩ ሲወጣ እነዚያ እግሮች ጋቢ የተከናነበ፣ መቋሚያ የያዘ፣ ራሱ ላይ ሸክም ያለበት ሙሉ ሰው ሆነው ሲመጡበት ቢደነግጥ አይገርምም።

ባለቤቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይደለም የሚዘጋበት። ክትባቱ እስኪያልቅ ማለትም እስከ 16ኛው ሳምንት አካባቢ ድረስ እንደ ፓርቮ ያለ ገዳይ በሽታ ያሰጋል። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው አቋም፣ የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ ከአንድ ሳምንት በኋላ ቡችላው በጥንቃቄ ከሰው ጋር መላመድ ሊጀምር እንደሚችል ገልጿል። በእኛ ሁኔታ ቀላሉ መንገድ ቡችላውን አቅፎ መውጣት ነው። መሬት ሳይነካ፣ የሌላ ውሻ እዳሪ ሳያሸት፣ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያያል።

ይህ ጊዜ ያለፈበት ጎረምሳም ተስፋ አይቆረጥበትም፤ ድካሙ ግን ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የ8 ወር ውሾች «ተቀመጥ» ሲባሉ በ5 ወራቸው ከነበሩት ይልቅ አሳዳጊያቸውን ችላ እንደሚሉ አሳይቷል። የሚገርመው፣ ሌላ ሰው ሲያዛቸው ይሰማሉ። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል።

የሕክምናው ስሌት ርቀት ነው። ውሻው ሰው አይቶ ሳይጮኽ የሚቆይበት ርቀት ይፈለጋል፤ ለአንዱ 15 ሜትር፣ ለሌላው 50 ሜትር ሊሆን ይችላል። ሰውየው በሩቁ ብቅ ሲል፣ ውሻውም ሲያየው፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል የተቀቀለ ጉበት አፉ ውስጥ ትገባለች፤ ሌላም ትከተላለች። ሰውየው ከዓይን ሲሰወር ጉበቱም ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ምግብ። ምግቡ ከቀደመ ውሻው ጉበት በታየ ቁጥር የሚያስፈራ ሰው እንደሚመጣ ይማርና ጉበቱንም ይጠራጠራል። ከቀናት በኋላ ሰው ሲያይ ከመጮኽ ይልቅ ዞር ብሎ የባለቤቱን ፊት ማየት ይጀምራል። ርቀቱ በጥቂት እርምጃ የሚቀነሰው ያኔ ነው።

ዘዴው ለውሻ የተፈጠረ አይደለም። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በትንሽ በትንሹ ወደ እሱ በማቅረብ ፍርሃቱን እንዳስለቀቀችው ጽፋለች። የዛሬ የውሻ አሰልጣኞች የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ጉበቱን ካነሳነው አይቀር፦ ጥሬውን መስጠት ለሰውም የሚተርፍ የትል በሽታ ስለሚያመጣ ይቀቀላል። የወጥ ትርፍራፊ አይሆንም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። በሁዳዴ የሰፈሩ ልኳንዳ ሲዘጋ የተቀቀለ እንቁላል ይተካል። እንጀራ ግን አይሠራም፤ በየቀኑ የሚበላውን ነገር ማን እንደ ሽልማት ይቆጥራል?

ችግሩ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን ናቸው። ግራና ቀኝ አጥር፣ መሐሉ ሦስት ሜትር፤ 15 ሜትር ከየት ይምጣ? በቆመ መኪና ጀርባ መከለል፣ ተሻግሮ ማለፍ ወይም ያለ እፍረት ዞሮ መመለስ ያዋጣል። ማሰሪያውን አሳጥሮ መወጠር ግን ውሻው «ጌታዬም ፈርቷል» እንዲል ያደርገዋል። «ዝም በል!» ብሎ መጮኽም አብሮ እንደመጮኽ ነው። መምታትና የኤሌክትሪክ አንገት ማሰሪያ ጩኸቱን ሊያፍኑ ይችላሉ፤ ፍርሃቱ ግን ውስጥ ይቀራል፣ ሳያጉረመርም የሚነክስ ውሻም የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ዌልስ ይህን ማሰሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 አግዳለች።

ሌላው የእኛ አገር ፈተና መንገደኛው ነው። ውሻ የጮኸበት ሰው ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ይላል፤ ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ይላል። ከሕፃንነታችን የተማርነው ነው፣ የጎዳና ውሻም ያን ጉንበስታ አይቶ ይሸሻል። በማሰሪያ የተያዘው ግን መሸሻ ስለሌለው ይብስበታል። አንድ ማለዳ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሽማግሌ ከጎረቤቴ ውሻ ፊት ቆመው እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፦

«ልጄ፣ ይናከሳል እንዴ?»

«አይ አባባ፣ ፈርቶ ነው። ባያዩት ጥሩ ነው፤ እኔ ወደ ዳር እወጣለሁ፣ እርስዎ ይለፉ።»

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው አለፉ። ውሻው ሁለቴ አጉረመረመና ጉበቱን ጎረሰ። «አይናከስም፣ ይጠጉት» ከሚለው የተለመደ መልስ ይህ በብዙ ይሻላል። መንገደኛው ውሻ የመውደድ ግዴታ የለበትም። የሚፈራ አለ፣ የውሻ ምራቅ ሲነካው መታጠብ ያለበት ሙስሊም አለ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቤቱን ያንኳኳበት አለ። የውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በጊዜው መታደስ አለበት። ማንም ቢነከስ ወይም ቢቦጨር ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የጥበቃውስ ነገር? ውሻ ቦታን በቦታው ይማራል፤ መንገድ ላይ ዝም ማለት ስለለመደ ብቻ ሌሊት በሩን መጠበቅ አይተውም። ግቢ ውስጥም ሲጮኽ ባለቤቱ ወጥቶ አይቶ፣ ጠርቶት ጉርሻ ከሰጠው «ነግሬያለሁ፣ በቃ» ማለትን ይለምዳል። መንገዱ ላይ ለውጡ የሚታየው በሳምንታት አንዳንዴም በወራት ነው፤ አንድ ድንጋይ ወርዋሪ የሁለት ሳምንቱን ሥራ ሊያፈርስ ይችላል፣ ያኔ ርቀቱን አስፍቶ እንደገና መጀመር ነው። የጎረቤቴ ውሻ አሁን ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ቆራሊዮው ሲያልፍ ጆሮውን ያቆማል፣ ጆንያውን ያያል፣ ከዚያ ወደ ጌታው ኪስ ይዞራል።