ለቅርንጫፍ ሠራተኛ የሚላክ ቪዲዮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዋና መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ጎንደር፣ አዘዞና ደባርቅ ላይ ሠራተኛ ላለው ትልቅ ድርጅት፣ ሠራተኛው ሲመቸው ከፍቶ የሚያየው ቪዲዮ ትልቅ መላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን በአላላኩ ነው።

«ቀጥታ ስርጭቱ ካለ ሌላ አያስፈልግም»

ዋና መሥሪያ ቤቱ ኒውዮርክ ሆኖ ስብሰባውን በቀጥታ ያስተላልፋል እንበል፤ በጥር ወር እዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ጎንደር ላይ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ቤቱ ገብቷል። ስብሰባው ጥር 10 ወይም 11 ላይ ከዋለማ ከተማው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጥቷል፤ በከተራና በጥምቀት ጎንደሬን ስክሪን ፊት መጠበቅ ከንቱ ነው። ቆይቶ የሚታይ ቪዲዮ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል፤ የስብሰባውን ቅጂ እንዳለ መጫን ግን አይበቃም። «ድምፅ ይሰማል?» እየተባባሉ ያለፉት ደቂቃዎች ይቆረጡ፤ የቀረው በየርእሱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይከፋፈል። ርእሱም «ክፍል 4» ከሚባል «የዓመት ፈቃድ አጠያየቅ ላይ ምን ተቀየረ» ቢባል ፈላጊው ቶሎ ያገኘዋል።

«ጥራቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል»

ልፋትና ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚወስድ የ1080ፒ (ከፍተኛ የምስል ጥራት) ቪዲዮ በ10 ደቂቃ 375 ሜጋባይት ይበላል (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው)፤ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የተዘጋጀ የ480ፒ (ዝቅ ያለ ጥራት) ቪዲዮ ግን 75 ብቻ። በራሱ የዳታ ጥቅል ለሚያይ ሰው ይህ ከኪሱ የሚወጣ ብር ነው። ቢሮ ውስጥም ቢሆን 40 ሠራተኞች ያንኑ 480ፒ አንድ ላይ ሲከፍቱ በሰከንድ 40 ሜጋቢት ያስፈልጋል፤ የቅርንጫፉ መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ ሁሉም ክብ ምልክት ሲሽከረከር ያያሉ። በዚያው መስመር ፋይሉን አንድ ጊዜ ብቻ ለማውረድ ግን 1 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አንድ ሰው አውርዶ በቢሮው የውስጥ ኔትወርክ ያስቀምጠው፤ ኔትወርክ ለማይደርሳቸው በፍላሽ ይላክ። የፋይሉ ዓይነት ኤምፒ4፣ ቪዲዮው የሚታመቅበት ዘዴ (ኮዴክ) ኤች 264 ይሁን፤ አዲሱ ኤች 265 መጠኑ ቢያንስም ብዙ አሮጌ ስልኮች አይከፍቱትም።

ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፅ ካልተሰማ ግን ወዲያው ይዘጋዋል። የአንገት ማይኩ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሰካ፤ ነጠላ ወይም ስካርፍ እየነካው እንዳይንሻከሻክ ልብሱ ወደ ጎን ይደረግ። ባዶና ሰፊ አዳራሽ ያስተጋባል፤ መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ትንሽ ክፍል ይሻላል።

«የግርጌ ጽሑፉን ማሽን ይተረጉመዋል»

ሰው ሳያየው መውጣት የለበትም። በእንግሊዝኛ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት የተባለውን ማሽኑ «3 ሰዓት» ብሎ ከተወው፣ ለኛ 9 ሰዓት ስለሆነ ሠራተኛው 6 ሰዓት ቀድሞ ይገኛል። ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ «በሚቀጥለው ሰኞ» የሚል ንግግር ደግሞ ከርሞ ለሚያየው ትርጉም የለውም። የግርጌ ጽሑፉን የያዘው የኤስአርቲ ፋይል በዩቲኤፍ-8 (የግዕዝን ፊደል ጭምር በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ) ካልተቀመጠ ፊደሉ ጥያቄ ምልክት ይሆናል። በዩቲኤፍ-8 ሆኖም ባዶ ሳጥን ከታየ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው፤ ያኔ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አትሞ መላክ ይቀላል።

«500 ጊዜ ታይቷል፣ ስለዚህ ደርሷል»

ይህ ቁጥር ከፍቶ ወዲያው የዘጋውንም ሊቆጥር ይችላል፤ በአንድ ስልክ ተሰብስበው ያዩ 6 ሰዎችን ደግሞ እንደ አንድ ይይዛል። ከቪዲዮው በኋላ 2 ወይም 3 አጭር ጥያቄ ይቅረብ፤ ተመልካቹ የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚያቋርጥም ይታይ። ብዙዎች አንድ ቦታ ላይ የሚያቆሙ ከሆነ ሙሉውን ሳይሆን ያችን ቦታ ብቻ እንደገና መቅረጽ ነው።