ሃቢቹዋል ሬዚደንስ ቴስት ምንድን ነው? «ሦስት ወር ጠብቁ» ለተባላችሁ ተመላሾች

የብሪታኒያ ዜግነት ይዘው ጥቂት ዓመታት ኢትዮጵያ ኖረው፣ አሁን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ለሚመለሱ ወገኖች የሚሰጥ አንድ ምክር አለ። «ሃቢቹዋል ሬዚደንስ ማለት ሦስት ወር መቀመጥ ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላችሁ ለዩኒቨርሳል ክሬዲት አታመልክቱ፣ ትከለከላላችሁ» ይላል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚከፈል የመንግሥት ድጎማ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ መካሪ ይህንኑ በሙሉ ልብ ሲናገር ሰማሁት፤ «ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው» ብሎ ጨመረበት። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ችግር ራሱ የሚያባብስ ነው።

ሃቢቹዋል ሬዚደንስ ቴስት፣ ማለትም ሰውየው ኑሮውን በእርግጥ እዚህ ማድረጉን የሚያጣራው ፈተና፣ የሚመለከተው በገቢ መጠን የሚሰጡትን ድጎማዎች ነው፦ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ፔንሽን ክሬዲት (ለጡረተኞች)፣ ሃውዚንግ ቤኔፊት (ለቤት ኪራይ)፣ የካውንስል ታክስ ቅናሽ። ቤት አጥቶ ወደ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) የሚሄድ ሰውም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በአገሩ የመኖር ሕጋዊ መብት ሲሆን፣ የብሪታኒያ ዜጋ ይህን ያለ ክርክር ያልፋል። ሁለተኛው ስለ ኑሮ ነው፦ በእርግጥ ኑሮዎን እዚህ አድርገዋል ወይ? ይህን ፓስፖርት አይመልሰውም። ለሃያ ዓመት የከፈሉት ታክስም አይመልሰውም። «ስንት ዓመት የለፋሁበት አገር እንዴት እንግዳ ያደርገኛል?» የሚል ሰው ቁጣው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የታክሱን ታሪክ ይዞ ቃለ መጠይቅ ቢገባ የተጠየቀውን አልመለሰም።

የሁለተኛው ክፍል መመዘኛ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ያያል፦ ለመቆየት የጸና ሐሳብ መኖሩን፣ እና በተጨባጭ ተቀምጦ የታየ ጊዜ መኖሩን። ጊዜው ስንት እንደሆነ ደንቡ አልጻፈም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወቅቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ኔሳ በተባለችው የባንግላዴሽ ተወላጅ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። ሴትዮዋ በአገሩ የመኖር ሙሉ መብት ነበራት፤ ነገር ግን በመጣች በጥቂት ቀናት ውስጥ ድጎማ ስለጠየቀች ተከለከለች፣ ይግባኟም አልተሳካም። ፍርድ ቤቱ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፣ የተወሰነ ጊዜ መቀመጥ ያስፈልጋል አለ። በዚያው ፍርድ ውስጥ ግን ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ ጊዜው አጭር ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሰዉ ሁኔታ ይለያያል፤ ቀድሞ እዚህ ኖሮ የነበረ ሰው የቀድሞ ኑሮውን ሲቀጥል ደግሞ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው።

ችግኝ ተክሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ፓስፖርት የይዞታ ካርታ ነው፤ እዚያ መሬት ላይ የመትከል መብት እንዳለዎት ያረጋግጣል። ካርታው ስላለ ግን ችግኙ ጸደቀ አይባልም። ለመያዝ ቀናት ያስፈልጉታል። ስንት ቀን? ከነአፈሩ የተነሣው፣ ጉድጓዱ አስቀድሞ የተቆፈረለት፣ በወቅቱ የተተከለው ቶሎ ይይዛል፤ ሥሩ ተራቁቶ የመጣው ይቆያል። መጽደቁን በቀን መቁጠሪያ የሚወስን ገበሬ የለም፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያየው። ተመላሽ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ችግኝ አይደለም። አንዳንዱ ግንዱ ተቆርጦ ሥሩ እዚሁ መሬት ውስጥ የቀረ ዛፍ ነው፦ ቤቱ አልተሸጠም፣ ትልቋ ልጁ እዚሁ ትማራለች፣ የባንክ ሒሳቡ አልተዘጋም፣ በየክረምቱ ይመላለስ ነበር። እንዲህ ያለው ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ እንደ አዲስ ተክል መጠበቅ አይገባውም፣ በቃለ መጠይቁም ይህን አጉልቶ መናገር አለበት። አንዳንዱ ደግሞ ከሥሩ ተነቅሎ የሄደ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ ከአዲስ ተካይ እኩል ይታያል። ምሳሌው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፦ ችግኝ ሐሳብ የለውም። እዚህ ግን የሰውየው ሐሳብ ይጠየቃል፤ ለምን ሄደ፣ ለምን ተመለሰ፣ እዚያ የተወው ነገር አለ ወይ።

ታዲያ ይህ «ሦስት ወር» ከየት መጣ? እኔ እስከማየው ከሦስት ቦታ ተለቅሞ አንድ የሆነ ነው። ለልጆች የሚከፈለው ቻይልድ ቤኔፊት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2014 ጀምሮ በእርግጥ የሦስት ወር ደንብ አለው፤ እሱም ቢሆን ከ52 ሳምንት ላነሰ ጊዜ ወጥቶ የተመለሰን ሰው አይመለከትም። በገቢ ላይ የተመሠረተው የሥራ ፈላጊ ድጎማም እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ተመሳሳይ ደንብ ወጥቶበት ነበር፤ ያ ድጎማ ዛሬ በዩኒቨርሳል ክሬዲት ተተክቷል፣ ደንቡም ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት አልተሻገረም። ሦስተኛው የድጎማ ይግባኞችን ይወስኑ የነበሩ አንድ የሶሻል ሴኩሪቲ ኮሚሽነር በሰጡት ውሳኔ ላይ፣ በአብዛኛው ሁኔታ ጊዜው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ውስጥ ይወድቃል ማለታቸው ነው። ከዚህ ውስጥ «ከአንድ» የሚለው ተረስቶ «ሦስት» ብቻ ቀረ። ግምት የነበረው ደንብ ሆነ፤ ጣሪያው ወለል ሆነ።

ለመካሪያችን የምለው ይህ ነው፦ የአንድ ወር ከግማሽ ኑሮ ያለውን አባት «ገና ነህ» ብለው ሲመልሱት፣ ሊከፈለው ይችል የነበረውን ገንዘብ እያስጣሉት ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፈለው በጠባብ ምክንያቶች ብቻ፣ ያውም ቢበዛ ለአንድ ወር ነው። በጠበቃችሁት ልክ ያጣችሁትን የሚመልስላችሁ የለም። ማመልከት ደግሞ ወንጀል አይደለም፤ መከልከልም መዝገብ የሚያበላሽ ነገር አይደለም።

ከተከለከላችሁ ሁለት ነገር አብራችሁ አድርጉ። ውሳኔው እንደገና እንዲታይ በአንድ ወር ውስጥ ጠይቁ፤ ያም ካልሆነ ወደ ትሪቡናል (ይግባኝ ሰሚ ችሎት) ይግባኝ በሉ። በዚያው መጠን አስፈላጊ የሆነው አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ነው። ብዙ ሰው ይግባኙን ይዞ ቁጭ ይላል። ትሪቡናሉ ግን የሚያየው ውሳኔው በተሰጠበት ቀን የነበረውን ሁኔታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቢገቡ፣ ቤት ቢከራዩ፣ አራት ወር ቢቀመጡ አይቆጥረውም። ያን አዲስ ኑሮ ሊያይ የሚችለው አዲሱ ማመልከቻ ብቻ ነው። ይግባኙ ያለፉትን ሳምንታት ይጠይቅላችኋል፣ ማመልከቻው የሚመጡትን።

ስለ ማስረጃ፦ ከኢትዮጵያ ስትነሡ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል መቋረጡን የሚያሳይ ወረቀት፣ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃና መሸኛ፣ የዕቃ ማጓጓዣ ደረሰኝ ያዙ። የደርሶ መልስ ትኬት ርካሽ ሆኖ የገዛችሁት ከሆነ ምክንያቱን ለማስረዳት ተዘጋጁ፤ ይጠየቃል። እዚህ ስትደርሱ ጂፒ (የአካባቢ ሐኪም) ጋ ተመዝገቡ። ለመኖር ተመልሶ የመጣ ዜጋ በኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) ለመታከም የወራት ቆይታ አይጠበቅበትም፤ እዚያ የሚሠራው ሌላ መመዘኛ ነው። ሥራና ገንዘብ የሌለው ሰው ፈተናውን አያልፍም የሚባለውም ውሸት ነው። ራስን መቻል ከሚታዩት ነገሮች አንዱ እንጂ መግቢያ በር አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ድጎማው ለማያስፈልገው ሰው ብቻ ይሰጥ ነበር። ከጦርነት ሸሽተው ለመጡ አንዳንድ ጊዜ ፈተናው ራሱ ይቀርላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሱዳን ለወጡት እንዲህ ተደርጓል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። በእንግሊዝ የሕዝብ ትምህርት ቤት ለመግባት ሃቢቹዋል ሬዚደንስ ቴስት የለም። ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ ከአውሮፕላን በወረደበት ሳምንት ሊጠየቅለት ይችላል። በዓመቱ መካከል ሲሆን ማመልከቻው እንደየአካባቢው ለካውንስሉ ወይም ለትምህርት ቤቱ ይገባል፤ መልሱ በ15 የትምህርት ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ቦታ የለም ከተባለ ለገለልተኛ ጉባኤ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ቦታ ሳያገኝ አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከትምህርት የራቀ ልጅ ደግሞ በልዩ አሠራር እንዲመደብ ካውንስሉን መጠየቅ ይቻላል። ልጁ የሚገባው በዕድሜው ነው፤ አዲስ አበባ ስንተኛ ክፍል እንደጨረሰ ብዙም አይታይም። በሴፕቴምበር 1 እና በኦገስት 31 መካከል የተወለዱ ሁሉ አንድ ክፍል ናቸው። ስለዚህ 10ኛ ወይም 11ኛው ዓመት ላይ የሚገባ ልጅ የጂሲኤስኢ (የአገር አቀፍ ፈተና) ትምህርት መሐል ላይ ይደርሳል፤ መመለሱ በእናንተ እጅ ከሆነ ከዚያ በፊት ቢሆን ይሻላል።

መካሪው ነገሩን የገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የልጆች ትምህርት ቤት መግባት ለቤተሰቡ ኑሮ መመሥረት ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ነው ብዬ አምናለሁ። «ድጎማው ይለቅ፣ ከዚያ ልጆቹን አስገባለሁ» ያለ ሰው ያንኑ ድጎማ የሚያስገኝለትን ማስረጃ ከእጁ ጣለ። ነጻ የትምህርት ቤት ምሳ በድጎማው ላይ ስለሚመሠረት ድጎማው እስኪፈቀድ ይከብዳል፤ ቢሆንም ከሪሴፕሽን (ከመጀመሪያው የትምህርት ቤት ክፍል) እስከ ሁለተኛው ዓመት ያሉ ልጆች በመላው እንግሊዝ፣ ለንደን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ የሕዝብ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙሉ ያለ ድጎማ ይመገባሉ። ውሳኔ እስኪመጣ ቤተሰቡ ጨርሶ ባዶ እጁን ከቀረ፣ የካውንስሉ ማኅበራዊ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 17 በሚሰጠው ሥልጣን ልጆቹንና ወላጆቹን ሊረዳ ይችላል። ይህን መጠየቅ አትፈሩ።

ሳትጠይቁኝ የምጨምራቸው አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቤት ለዩኒቨርሳል ክሬዲት ሀብት ነው፤ ከ16,000 ፓውንድ በላይ ሀብት ያለው አይከፈለውም። ለመሸጥ ተገቢውን እያደረጋችሁ ከሆነ ለስድስት ወር ላይቆጠር ይችላል፤ መደበቅ ግን ትልቅ ችግር ውስጥ ይከታል። የትዳር ጓደኛችሁ በቪዛ ላይ ሆኖ ድጎማ የማይፈቀድለት ከሆነ እናንተ በነጠላ ሰው መጠን ታመለክታላችሁ፤ የእሱ ገቢና ሀብት ግን አብሮ ይሰላል። የአካል ጉዳት ድጎማ የሆነው ፒአይፒ ከ156 ሳምንታት ውስጥ 104ቱን በብሪታኒያ መገኘትን ይጠይቃል፤ እዚያ ሳምንት በትክክል ይቆጠራል። ስኮትላንድ የራሷ አሠራር አላት፤ በትምህርት ቤት አገባብም እንዲሁ።

የመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚህም ቁጥር በእርግጥ ይቆጠራል። እንደ አገሬው ሰው ለመክፈልና የተማሪ ብድር ለማግኘት ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት መኖሪያው እዚሁ መሆን አለበት። ወላጆቹ ለጊዜያዊ ሥራ ወጥተው ከነበረ መቅረቱ ላይቆጠርበት ይችላል፤ «ለመኖር ሄድን» ካላችሁ ግን ይከብዳል። 16 ዓመት የሞላው ልጅ ያላችሁ በ18 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ከሆነ ጊዜው አልፏችኋል፤ 14 ዓመት የሆነው ልጅ ያላችሁ ግን ገና ትደርሳላችሁ፣ የመመለሻ ቀናችሁን ከዚህ ተነሥታችሁ አስሉ።